ክሱን መረዳት የማይችል ተከሳሽ፦ ችሎቱ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? (ሰሜን ሸዋ)

ጣርማበር፦

ሰላም ለቤቱ። በነጻ የሕግ ድጋፍም ሆነ በአእምሮ ሕክምና በኩል የምታውቁት ካለ ብትመልሱልኝ። የምከራከርለት ወጣት የጎረቤቱን የጤፍ ክምር አቃጥሏል ተብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ተከሷል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፣ የአባቱንም ስም በትክክል ይናገራል። ክሱ ሲነበብለት ግን ወደ ጣሪያው አንጋጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «ምን ትላለህ?» ሲሉት «እነሱ ያውቁታል» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ሲያመላልሱት ቆይተዋል እንጂ የሐኪም ወረቀት የላቸውም። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ «ስሙን የሚያውቅ ሰው ክሱን እንዴት ያጣዋል? ያስመስላል» ባይ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዚህ ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ስለሌለው፣ አቤቱታው በምን ላይ ይቆማል? ምርመራው የት ይደረጋል፣ ደብዳቤውስ ምን ይበል? ሐኪሙ «አይችልም» ቢልስ ልጁ ምን ይሆናል? ቤተሰቡ «እብድ ከተባለ ይለቀቃል» ብለው ነው የሚጠብቁት።

ሞረት፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ቀኖች ለያይ። ክምሩ የነደደበት ቀን አንድ ነው፣ ልጁ ዳኛ ፊት የቆመበት ቀን ሌላ ነው። በእኛ ችሎቶች ግማሹ ስህተት የሚመጣው እነዚህን ሁለት ቀኖች አንድ ከማድረግ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ቀን ነው። ሰውየው ድርጊቱን በፈጸመ ጊዜ በዕድሜ፣ በሕመም፣ በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ወይም በመሰለው ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነትና ውጤት መረዳት አልቻለም ነበር? ወይስ ተረድቶም ራሱን መግዛት አልቻለም? አንቀጽ 49 በከፊል ለጎደለው ነው፤ ቅጣቱን ያቀላል እንጂ አያስቀርም። እነዚህ የኃላፊነት ጥያቄዎች ናቸው፣ የሚመለሱትም በፍርድ ነው። አንተ የምታነሳው ግን ከዚያ የሚቀድመውን ነው፦ ይህ ሰው ዛሬ ክሱን ተረድቶ፣ ምስክር ሲናገር ተከታትሎ፣ ለጠበቃው ነገሩን አስረድቶ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ? ድርጊቱን ሲፈጽም ጤነኛ የነበረ ሰው ማረሚያ ቤት ገብቶ ሊታመም ይችላል። በዚያን ቀን ታሞ የነበረውም ሕክምና አግኝቶ ዛሬ ችሎቱን በደንብ ሊከታተል ይችላል። አንዱ መልስ ሌላውን አይመልስም።

የአቤቱታህ መሠረት ሁለት እግር አለው። አንዱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው፦ የተከሰሰ ሰው ክሱ በዝርዝር ሊነገረው፣ የቀረበበትን ማስረጃ ሊያይ፣ ምስክሮችን ሊጠይቅ፣ በጠበቃ ሊወከል ይገባዋል። ክሱ የማይገባው ሰው ፊት ክስ ማንበብ ለግድግዳ ማንበብ ነውና እነዚህ መብቶች ባዶ ይቀራሉ። ሁለተኛው እግር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ነው። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ፣ መስማትና መናገር የተሳነው ከሆነ ወይም በአልኮልና በዕፅ ሥር የሰደደ መመረዝ ካለበት፣ ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ ማስረጃ ማስቀረብ አለበት። ቢፈልግ የሚያደርገው፣ ባይፈልግ የሚተወው አይደለም። አንቀጹ የተጻፈው ለኃላፊነት ጥያቄ ነው፤ ግን ባለሙያው የተከሳሹን የአሁን ሁኔታም እንዲገልጽ ስለሚያዝ ሁለተኛውን ጥያቄ በዚያው በር ማስገባት ይቻላል። ጉዳዩ እስኪጣራ ቀጠሮ የሚሰጠው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 94 ነው።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ ዝም ካለ «ክዷል» ተብሎ ይመዘገባል። ሕጉ ይህን የደነገገው ለጤነኛ ሰው ጥበቃ ነው። ለታመመ ሰው ግን ጉድጓድ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ክዷል» የሚል ቃል ከሰፈረ በኋላ ሁሉም ነገር በወጉ የሄደ ይመስላልና ምስክር መሰማት ይጀምራል። ስለዚህ አቤቱታህን የእምነት ክህደት ቃል ከመጠየቁ በፊት አንሳ። ካለፈም አሁኑኑ አንሳው፤ ለዚህ ጥያቄ ይርጋ የለውም። በቃል ተናግረህ አትቀመጥ፣ በጽሑፍም አስገባና መዝገቡ ላይ መያያዙን አረጋግጥ። «እብድ ነው» ብለህም አትጻፍ። ያየኸውን ጻፍ፦ ክሱ ሲነበብ ወደ ጣሪያ አንጋጠጠ፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ «እነሱ ያውቁታል» አለ፣ ጠበቃው ማን እንደሆነ ተጠይቆ አላወቀም። ዳኛ ቅጽል ሲሰማ ይጠራጠራል፤ የሆነውን እንደሆነ ሲሰማ ግን ራሱም ልጁን ይመለከታል።

ለዐቃቤ ሕጉ መልስህ ደግሞ አጭር ይሁን። ስምን ማወቅ ምንም አያረጋግጥም። ሰው በከባድ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ሆኖም ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ የበሬውን ስም ሳይቀር ያውቃል።

የደብዳቤውን ነገር አደራ። ብዙ ጊዜ ከችሎት የሚወጣው ትዕዛዝ «የአእምሮ ሕመምተኛ መሆን አለመሆኑ ተመርምሮ ይገለጽልን» የሚል አንድ መስመር ነው። የሚመጣውም መልስ «ስኪዞፍሬንያ አለበት፣ ሕክምና ጀምሯል» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። ዳኛው ከዚያ ምን ይወስን? ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ችሎት ሊከታተል ይችላል፤ የበሽታው ስም ብቻውን የትኛውንም ጥያቄ አይመልስም። አንቀጽ 51 ራሱ ባለሙያው የሚያብራራቸውን ነጥቦች ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ይላል፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ረቂቅ አድርገህ ከአቤቱታህ ጋር አያይዝ። አሁን ያለበት የአእምሮ ሁኔታ ምንድን ነው? የተከሰሰበትን ነገርና ሊከተል የሚችለውን ቅጣት ይረዳል ወይ? ለጠበቃው ሐሳቡን በተያያዘ መንገድ ሊያስረዳ ይችላል ወይ? ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ የምስክር ቃል ሊከታተል ይችላል ወይ? ካልቻለ፣ በሕክምና ሊሻለው የሚችል ነው ወይ፣ በምን ያህል ጊዜ? ለብቻው ደግሞ፣ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን (ቀኑን ጻፍ) የነበረበት ሁኔታ ምን ነበር? ይህን የመጨረሻውን በሌላ አንቀጽ አስቀምጠው፣ ከፊተኞቹ ጋር አይቀላቀል።

ሪፖርቱ ሲመጣም አንድ ነገር አትርሳ። አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱን የሚያስረው ቁርጥ ያለው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው ይላል፤ ባለሙያው ከዚያ የሚያወጣው የሕግ ድምዳሜ አያስረውም። ሐኪሙ «ኃላፊነት የለበትም» ብሎ ቢጽፍ ያ የዳኛው ሥራ ነው። «ድምፅ ይሰማዋል፣ ድምፁ ጠበቃህን አታናግር ይለዋል፣ ስለዚህ ለጠበቃው መልስ አይሰጥም» ብሎ ቢጽፍ ግን ያ ግኝት ነው።

ሲስተር ከባሶ፦

ጋሽ ሞረት ከሕጉ በኩል ጨርሰውታል፣ እኔ ምርመራው እንዴት እንደሚሄድ ልጨምር።

ደብረ ብርሃን ላይ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አለ። አስቸኳይ ሕክምና ለመጀመርና የመጀመሪያ ግምገማ ለማግኘት ከዚያ መጀመር ይሻላል። ፍርድ ቤት የሚፈልገው ዓይነት የተሟላ ምርመራ፣ በተለይ «ያስመስላል» የሚል ክርክር ካለ፣ አስተኝቶ መከታተል ይጠይቃል። ለዚያ አብዛኛው ትዕዛዝ የሚሄደው አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረፋ አለ። ተከሳሹ ወረፋ እየጠበቀ ያለ ሕክምና መቀመጥ ግን የለበትም።

ባለሙያው ሰውየውን አስቀምጦ የሚጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። «ለምን ታሰርክ?» «ዳኛው ምንድን ነው የሚሠሩት?» «ዐቃቤ ሕጉ ላንተ ነው የሚቆሙት ወይስ ባንተ ላይ?» «‹አዎ አቃጥያለሁ› ብትል ምን ይከተላል?» «ምስክሩ ሐሰት ሲናገር ብትሰማ ለማን ትነግራለህ?» እዚህ ላይ በአገራችን የሚፈጸም ስህተት አለ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ቢምታቱበት ከአለማወቅ ነው፤ እንኳን እሱ ከተሜውም ይምታታበታል። ስለዚህ ባልመለሰው ጥያቄ ወዲያው አይፈረጅም። በሚገባው ቋንቋ፣ «ይሄ ሰውዬ የመንግሥት ከሳሽ ነው፣ ያ ደግሞ ላንተ የሚናገርልህ» ተብሎ ይነገረዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጠየቃል፣ በማግስቱም ይደገማል። የነገሩትን ይዞ ካቆየ አለማወቅ ነበር። ካልያዘ፣ ወይም ይዞትም «ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው አንድ ናቸው፣ ሁለቱም በሬዲዮ ያናግሩኛል» ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህ የመጨረሻው ዓይነት ነው ብዙ የሚያሳስተው። ሁሉንም ነገር በአፉ አሳምሮ የሚመልስ፣ ቀንና ቦታ የሚያውቅ፣ ግን ጠበቃው መርዝ ሊያበላው የተላከ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አለ። ማወቅና በጤነኛ አእምሮ ማገናዘብ ይለያያሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዳስኪ በተባለ ጉዳይ ላይ ያስቀመጠው መለኪያ ይሄው ነው፦ ተከሳሹ ነገሩን ማወቁ ብቻ አይበቃም፣ በአግባቡ ሊያገናዝበው፣ ከጠበቃውም ጋር በማስተዋል ሊመካከር ይገባል። ሕጋችን ውስጥ የተጻፈ አይደለም፣ ለባለሙያ ግን ጥሩ መለኪያ ነው።

ማስመሰልን በተመለከተ። የሚያስመስል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያበዛዋል። የላም እግር ስንት ነው ሲሉት «አምስት» ይላል፤ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ረሳሁ ይላል። እውነተኛው በሽተኛ ሁሉንም አይስትም፣ የልጃችሁ ስሙን ማወቅም ያንኑ ይመስላል። ግን «አምስት» ስላለ ብቻ አስመሳይ ነው ማለትም አይቻልም፤ በእውነት ታመው እንዲህ የሚመልሱም አሉ። የሚለየው ሌሊቱ ነው፦ ሰው የማያየው ሲመስለው ይተኛል? ምግቡን በሥርዓት ይበላል? ብቻውን ሆኖም ከሌለ ሰው ጋር ያወራል? ጉብኝት ሲኖር ይብስበታል? ለቀናት፣ ሌት ተቀን፣ ያለማቋረጥ ማስመሰል አድካሚ ነው። ለዚህ ነው ማረሚያ ቤት አብሮት የሚያድር ሰውና የክፍሉ ተጠሪ የሚሉት ነገር ዋጋ ያለው። ጠይቃችሁ ጻፉት።

ስለ ድርጊቱ ብቻ «ምንም አላስታውስም» ማለት ደግሞ ለብቻው ችሎት የመከታተል ብቃትን አያሳጣም። የረሳ ሰው ዛሬ የሚባለውን ሰምቶ ሊከራከር ይችላል።

የሐኪም ወረቀት የለም ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትላኩት። ጸበል ቦታ ያስታመመው ሰው ምስክር ነው፦ ከመቼ እስከ መቼ ነበር፣ ታስሮ ነበር ወይስ ተፈትቶ፣ ምን ይል ነበር፣ ሌሊት ይተኛ ነበር ወይ? አብሮት የኖረ ዘመድ፣ ከሐኪሙ ፊት ቀርቦ መናገር የሚችል፣ አብሮት ይሂድ፤ በስልክ የሚነገር ነገር ይጎድላል። ከቤት የተገኘ የመድኃኒት ፓኬት ባዶውም ቢሆን ይምጣ። የክሱ ግልባጭና ለፖሊስ የሰጠው ቃል ከትዕዛዙ ጋር ይላኩ፤ ያለዚያ ባለሙያው የተከሰሰበትን ነገር ራሱ ሳያውቅ ነው የሚጠይቀው። ጸበልን በተመለከተ ቤተሰቡን አትውቀሱ። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚያደርሰው «ጸበል ላይ ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው።

ሁለት አደገኛ ነገር ላንሳ። አንደኛው አረቄ ነው። ለዓመታት በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ተይዞ ጣቢያ ሲያድር መጠጡ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥም በሁለቱ ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ መቃዠትና በሌለ ነገር መባነን ግን ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ስለዚህ ሰውየው ዳኛ ፊት የሚቆመው ልክ መቃዠቱ ሊጀምር ሲል ነው። ግድግዳ ላይ ትል ያያል፣ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «አበደ» ተብሎ ወደ እስር ክፍሉ ይመለሳል። ይህ ሊገድል የሚችል ድንገተኛ ሕመም ነው፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። በቀናት ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነም በዚያ ቀን በታየው ብቻ ስለ ብቃቱ ድምዳሜ አይሰጥም።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው ሲታሰር መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ተደጋጋሚ መንፈራገጥ ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴ ለሰዓታት ይደናገራል። የቤተሰቡ የመጀመሪያ ሥራ መድኃኒቱን ጣቢያው ድረስ ማድረስ ነው።

በመጨረሻ ለዳኞችም ለጠበቆችም። ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው አንገቱ ወደ አንድ ጎን ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ፊቱ እንደ ጭምብል ሊደርቅ ይችላል። ችሎት ላይ ይህን አይቶ «ይቀልዳል» ያለ ሰው ተሳስቷል። የመድኃኒቱ የጎን ጉዳት ነው፣ የሚያስተካክለው መድኃኒትም አለ። የድብታው ነገርም እንዲሁ ነው፤ በተወጋ ማግስት ምስክር እንዲሰማ ከመቅጠር ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይሻላል።

መዝገብ ቤት፦

ሁላችሁም ትልቅ ትልቁን አነሳችሁ፣ ነገሩ የሚበላሸው ግን ትንሽ ትንሹ ላይ ነው።

ትዕዛዙ ሦስት ቦታ ይጻፍ፦ ለሆስፒታሉ፣ ለማረሚያ ቤቱ (ወይም ለፖሊስ)፣ አንድ ቀሪ ለመዝገቡ። ለሆስፒታሉ ብቻ ተጽፎ ለማረሚያ ቤቱ ካልደረሰ አጃቢ አይመደብም፣ ተከሳሹ እዚያው ይቀመጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ውጤቱ አልመጣም» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ያም ያልፋል። ቀጠሮው ሲመጣ «ለምን አልተላከም?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ወራት በዚሁ ይሄዳሉ። የአጃቢ አበል፣ ትራንስፖርት፣ የሚያድሩበት ጉዳይ ትዕዛዙ ሲጻፍ ይነገር። ትዕዛዙ ላይ የሆስፒታሉ መልስ በስም ለየትኛው ችሎት፣ በየትኛው የመዝገብ ቁጥር እንደሚላክ በግልጽ ይጻፍ። የመዝገብ ቁጥር የሌለው ሪፖርት ሬጅስትራር ጋ ሲደርስ ባለቤት ያጣል።

ተከሳሹ ቋንቋው አርጎብኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነም አስተርጓሚው ሆስፒታልም መሄድ አለበት። መስማት የተሳነው ከሆነ የምልክት ቋንቋ ተምሮ እንደሆነ ይጣራ። ያልተማረና ቤተሰቡ በፈጠረው ምልክት ብቻ የሚግባባ ሰው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አስተርጓሚ አይረዳም፤ አብሮት ያደገ ሰው መካከል መግባት አለበት። የተግባቦት ችግር የአእምሮ ችግር ተብሎ እንዳይጻፍ። የሚገርመው፣ እንግሊዞች ክሱን መረዳት ስለማይችል ተከሳሽ ያላቸውን ሕግ በ1836 (እንደ አውሮፓ) ሲያበጁ ፕሪቻርድ የተባለው ተከሳሽ መስማትም መናገርም የማይችል ሰው ነበር።

የጅሩ ሰንጋ፦

ከሌላኛው ወገን አንድ ልበል፣ አትቀየሙኝ። ክምሩ የነደደበት ገበሬም ሰው ነው፤ የዓመት ቀለቡ ነው የጠፋው። በየችሎቱ «ታሟል» ሲባልና ቀጠሮ ሲሰጥ ምስክሮቹ ይሰለቻሉ፣ ይረሳሉ፣ ከአገር ይወጣሉ። እኔ የምለው፣ የብቃቱ ጥያቄ ሲነሳ ዐቃቤ ሕጉ «ያስመስላል» ብሎ ከመሟገት ይልቅ ያው ቀን የሕክምና ትዕዛዝ አብሮ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ያስመሰለም ከሆነ ቶሎ ይገለጣል፣ ያልሆነም ከሆነ ቶሎ ይታከማል። በክርክር የሚባክነው ጊዜ የማንንም ጥቅም አያስከብርም።

ሌላው፣ በመንደር የሚደረገው እርቅ ነው። ቤተሰቡ ክምሩን ቢተካና ሽማግሌ ቢታረቅ መልካም ነው፣ ግን ክሱ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ካልሆነ እርቁ መዝገቡን አይዘጋም። «ከፍለናል» ብለው ፍርድ ቤት የማይመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ተከሳሹ ብቻውን ይቀራል።

ጣርማበር፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አባትየው «ጥፋተኛ ነኝ ይበልና ቶሎ ይቅለልልን» ይላሉ። ልጃቸው በፍርድ ቤት ክልከላ ተደርጎበት (ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር ተብሎ) ሞግዚት እንዲሆኑለትም እየጠየቁ ነው፤ ያ ውሳኔ ለወንጀል ጉዳዩ ይበቃል ወይ? ሁለተኛው ከመጀመሪያ ያልተመለሰልኝ ነው፦ ሆስፒታሉ «አሁን አይችልም» ካለስ?

ሞረት፦

ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ክሱ ያልገባው ሰው ያመነው እምነት ምን ዋጋ አለው? አባትየውን ቁጭ አድርገህ አስረዳቸው፦ «ጥፋተኛ ነኝ» ካለ መቼም ስለ ሕመሙ ሳይጠየቅ ቅጣት ይወሰንበታል፣ አንቀጽ 48 ሳይነሳ ይቀራል። ቶሎ የሚቀልላቸው መስሏቸው ትልቁን መከላከያ ነው የሚጥሉት።

የፍትሐ ብሔር ክልከላው ሌላ ነገር ነው። ያ ንብረትና ውል የሚጠብቅ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 342 ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርባቸው የገጠር ቀበሌዎች አንድ ሰው በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንቅስቃሴውን የሚገድበው ከሆነ እብደቱ ግልጽ እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። ልጁ ቤት ታስሮ ወይም ተጠብቆ ከነበረ ይህን የሚመሰክር ጎረቤት ለወንጀል ጉዳዩም ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ግን ማስረጃ ነው እንጂ መልስ አይደለም፤ ችሎቱ ስለ ዛሬው ሁኔታ የራሱን ምርመራ ያስፈልገዋል። ሞግዚት መሆንም በተከሳሹ ፋንታ ቆሞ ማመን ወይም መካድ አያስችልም።

አሁን ወደ ዋናው። «አይችልም» ማለት «ነጻ ነው» ማለት አይደለም፣ «ጥፋተኛ ነው» ማለትም አይደለም። ሙግቱ ይቆማል፣ ሕክምና ይጀመራል፣ እንደገና ይመረመራል። «እብድ ከተባለ ይለቀቃል» የሚሉት ቤተሰቦች የሚያምታቱት ይህን ነው። በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት የሕክምናና የጥበቃ እርምጃዎች የተጻፉት ድርጊቱን ፈጽሞ ኃላፊነት ለሌለበት ሰው ነው፤ ገና ላልተዳኘ ሰው በቀጥታ አይሠሩም። ስለዚህ በመሃል ያለው ጊዜ ሕጉ በዝርዝር ያልሸፈነው ነው፣ የአንተ ሥራም እዚህ ይበዛል።

በመጀመሪያ ወንጀሉ ዋስትና የማይከለክል ከሆነ ዋስትና ጠይቅ፣ ዘመድ መድኃኒቱን ሊያስወስደው ቃል ገብቶ፣ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስበት ቀን ተጽፎ። ዳኛ «ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ነው የሚጨነቀው፤ ጠባቂውን ይዘህ ከቀረብክ ነገሩ ይለያል። ዋስትና ካልተቻለ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝና ሐኪሙ እንዲጎበኘው ይፈቅዳል፤ ያንን ጠቅሰህ ሕክምናው ማረሚያ ቤት እያለም እንዳይቋረጥ ትዕዛዝ አውጣ። ቀጠሮውን ክፍት አታስቀር፦ «ውጤት ሲመጣ» የሚል ቀጠሮ አትቀበል፣ ቀን ይቆረጥ፣ በዚያ ቀን ሆስፒታሉ ምን ላይ እንደደረሰ ይጻፍ።

ጊዜው ከረዘመና ሐኪሙ «ይሻለዋል ብዬ አልጠብቅም» ካለ፣ ወይም ቀድሞ በእስር የቆየበት ጊዜ ቢፈረድበት ከሚያገኘው ቅጣት ሊበልጥ ከሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 122 በፍርድ ቤት ፈቃድ ክሱን እንዲያነሳ በጽሑፍ ጠይቅ። ጃክሰን የተባለ መስማትም መናገርም የማይችል ሰው ጉዳይ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 (እንደ አውሮፓ) «እስኪሻለው» እየተባለ ያለ ገደብ መያዝ እንደማይቻል ወስኗል። እኛን አያስረንም፤ ለዳኛ ማስረዳት ግን ይቻላል።

ጋሽ ሰንጋ ስለ ተበዳዩ ያነሱት እውነት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ራሱ ይበቃል ወይ ብሎ በዚህ ጊዜ መመርመር አለበት፤ ልጁ ክምሩ አጠገብ መታየቱ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ታክሞ እንዲዳኝ መጠበቅም ምክንያት የለውም።

ሲስተር ከባሶ፦

ከተሻለው በኋላ ያለውን ልጨርስ። የሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታው የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒት ተጀምሮ በቂ ውጤት ለማየት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ «አልተሻለውም» ብሎ መጻፍ ቸኩሎ መወሰን ነው። ሌላው ተደጋግሞ የሚፈጸም ስህተት ይህ ነው፦ ሆስፒታል ተኝቶ ተሽሎት፣ «ብቁ ነው» የሚል ሪፖርት ይዞ ማረሚያ ቤት ይመለሳል፣ መድኃኒቱ በ10 ቀን ያልቅበታል፣ ቀጠሮው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ችሎት ሲቀርብ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይቆማል፤ ሪፖርቱ ያለፈውን ልጅ ይገልጻል እንጂ ዛሬ የቆመውን አይደለም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ ሦስት ነገር በእጁ ወይም በአጃቢው እጅ ይኑር፦ ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ የተጻፈ የመድኃኒት ደብዳቤ፣ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርስ መድኃኒት፣ የሚመለስበት ቀን። የየቀኑን ክኒን መዋጥ የማይታመንበት ከሆነ በየ2 እስከ 4 ሳምንት የሚወጋ ፍሉፌናዚን አለ፤ ይህን ሐኪሙን ጠይቁ። ችሎቱም ሪፖርቱ እንደደረሰ ቀጠሮውን ወደፊት ቢያመጣ ይመረጣል።

ችሎቱ ሲቀጥልም ምስክር በሚሰማበት ቀን ጠዋት ጠበቃው አሥር ደቂቃ ያናግረው። መድኃኒቱን ወስዷል? ሌሊቱን ተኝቷል? ዛሬ ለምን እንደመጣ ያውቃል? እነዚህ ሦስቱ ካልተሟሉ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ለዳኛው ማሳወቅ ይቻላል።

ሞረት፦

አዎ፣ ልጨምርበት፦ ተሽሎት ሲመለስ ክሱ እንደገና ይነበብለት ብለህ ጠይቅ። ታሞ ሳለ የተሰማ ምስክር ካለም ተመልሶ ቀርቦ እንዲጠየቅልህ አመልክት። ሆስፒታል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የቆየበት ጊዜም ከእስሩ ጋር እንዲታሰብ መዝገቡ ላይ አስጻፍ፤ የመግቢያና የመውጫ ቀኑ ያለበትን ወረቀት ከሆስፒታሉ አሁኑኑ ያዝ፣ ከዓመት በኋላ ማግኘት ያስቸግራል።